የግራዝማች ውሃ

ግራዝማች ዘበነን ያገኟቸው ተንበርክከው ነው።

ዘመኑ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር፣ ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ፀሐይዋ ገና ከጋራው ጫፍ ብቅ ከማለቷ፣ በሰቆጣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ መናፈሻ ሰው ግጥም ብሎ ሞልቷል። ግራዝማች ራሳቸው ባሠሩት የእምነ በረድ ፏፏቴ ገንዳ ውስጥ ፊታቸውን ደፍተዋል። ጉልበታቸው ከገንዳው ጠርዝ ሥር፣ እጆቻቸው ወደ ኋላ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው በገዛ ማተባቸው ተጠፍረው። ከበላያቸው የፏፏቴው ነጭ የድንጋይ አርበኛ እንደ እሳቸው ተንበርክኮ፣ እንደ እሳቸው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አጎንብሷል። ከአገጩ ሥር ውሃው ይንቆረቆራል። አንዱ የሌላው ጥላ ነበር የሚመስለው ልጆቼ፤ ያየ ሁሉ አማተበ።

ፏፏቴው ከተመረቀ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ጥራሪ ወንዝ ዳር ባለ ዋሻ ስድስት አርበኞች ተሸሽገው ነበር። ጠላት ከበባቸውና አምስቱን ፈጀ። ስድስተኛው ግራዝማች ናቸው። በምርቃቱ ቀን በሕዝብ ፊት ቆመው «እኔ ያን ቀን እህል ፍለጋ ወርጄ ነበር። ስመለስ ዘመድ ቀብሯቸዋል፤ የአንዳቸውንም ሬሳ ለማየት አልታደልኩም» ብለው አልቅሰዋል። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ግን የአራት ሰው ስም ነው፤ አንዱ ምንዋጋው የሚባል የሰሃላ ሰው ነው። አምስተኛው፣ ካሳ የሚባለው፣ ተዘሏል። «የጠቆመብን እሱ ነው። የጠቆመለት ጣሊያንም አልማረውም» ይሉ ነበር ግራዝማች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። የካሳ ሚስት ጥሩሐረግ እዚያው ሰቆጣ፣ ይህን እየሰማች ኖራለች።

የተጠራው ሃምሳ አለቃ ደጅይጥኑ ነው። አጭር፣ ረጋ ያለ፣ ሲሄድ መሬቱን የሚቆጥር የሚመስል ፖሊስ ነበር። አንድ ልማድ አለው። ሰው ሲዋሸው ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል፤ በዋሸው ሰው ፈንታ እሱ ያፍራል።

ሬሳውን አውጥተው ሣሩ ላይ አስተኙለት። ሽጉጣቸው ከወገባቸው፣ የወርቅ ቀለበታቸው ከጣታቸው አልተነካም። ደጅይጥኑ እጃቸውን ገልብጦ ብዙ ቆየበት። ጥቁሩ ማተብ አውራ ጣቶቹን ሦስት ጊዜ ዞሯል። የማተቡ ትንሽ የእንጨት መስቀል ደግሞ ከክሩ ሥር ገብቶ፣ መዳፋቸው ላይ ተለጥፎ፣ ጣታቸው እላዩ ላይ ተጨብጧል። አስቀድሞ ተቀምጦ ነው ክሩ የዞረበት።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ተስፋው። የመናፈሻው ዘበኛ ነው፤ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ከሰሃላ የመጣ ሰው። የፏፏቴው መሠረት ሲጣል ነበር የተቀጠረው፤ ዓመት ሊሆነው ነው። «ማለዳ ማለዳ ከኪዳን በፊት እዚህ መጥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ። እኔ ዛሬ የምንጩን አፍ ቅጠል ደፍኖት ላጸዳ ወደ ላይ ወጥቼ ነበር። ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«ሰው አላየህም?»

«አላየሁም።»

ደጅይጥኑ መሬት መሬት አየ።

ተስፋው ጎንበስ ብሎ፣ ከድንጋዩ ሰው አገጭ ሥር ከሚወርደው ከዚያ የጥር ማለዳ ውሃ መዳፉን ሞልቶ ጠጣ። ደግሞ ሞላና ጠጣ። አፉን በክንዱ ጠራረገ።

«ከዘራ! የሰላሕ ከዘራ!» የሚል ጩኸት ተነሳ ከወዲያ። ከገንዳው አንድ እርምጃ ርቆ፣ ጫፉ ብር የለበሰ ከዘራ ወድቋል። ሰላሕ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚችው ቦታ ላይ፣ የፏፏቴው ቧንቧ የሰፈሩን ምንጭ ስላደረቀው ከግራዝማች ጋር ተጣልቶ፣ «ይህ ውሃ ይነቅዎት!» ብሎ በሰው ፊት ተሳድቦ ሄዷል።

ደጅይጥኑ ከዘራውን ከማንሳቱ በፊት ቁጢጥ ብሎ አየው። ከላይ በኩል ጭቃ ተረጭቶበት ደርቋል። አነሳው። ከሥሩ ያለው መሬት ደረቅ አቧራ ነበር፤ ዙሪያው ግን በውሃ ርሶ ጭቃ ሆኗል።

ይህን ጊዜ የሟች ታናሽ ወንድም ባላምባራስ ገብረ አምላክ ጠመንጃቸውን እንደ ያዙ ደረሱ። ወንድማቸውን አዩ፤ ከዘራውን አዩ፤ አላለቀሱም።

«ባላምባራስ፣ ጠመንጃውን ያውርዱ» አለ ደጅይጥኑ።

«የወንድሜ ሬሳ ሳይደርቅ?»

«ገዳዩን አላወቅንም።»

«አንተ አላወቅህ ይሆናል!» ከዘራውን በጠመንጃቸው አፈሙዝ ነኩት። «ስማኝ። ሠልስቱ ሐሙስ ነው። እስከ ሐሙስ እታገስሃለሁ። የምታሳየኝ ሌላ ሰው ከሌለ ሰላሕን ከእስር ቤትህ ውስጥ ጎትቼ አወጣዋለሁ። የሚያግደኝ ካለ ከእሱ ጋር ይደረብ።»

የባላምባራስ ቃል እንደ ማኅተም ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ደጅይጥኑ በዚያው ሄዶ ሰላሕን ከሱቁ አወጣና ጣቢያ አስገብቶ ቆለፈበት። የሰላሕ ሚስት ሸምሲያ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችው።

«አንተ ሰው፣ ቁልፉ ለማን ነው? ለባሌ ነው ወይስ ለእነሱ?»

«ለእነሱ ነው ሸምሲያ።»

«እንግዲያው ደህና አድርገህ ቆልፍ!» ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ግራዝማች ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ሰዉ ሁሉ ሟች ቤት ገባና ንፍሮ ታደለ። ደጅይጥኑ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጦ፣ እጁ ላይ የተሰጠውን አንድ አንድ እያለ እየበላ ሰውን ያያል። ድንጋዩን የጠረበው ወልደ ሐዋርያት የእሱን ድርሻ በተሰነጠቀ ቅል ከበር ውጪ ተቀብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። ጠራቢ ነው ብለው ከማዕድ ለይተውታል። ዘበኛው ተስፋው ከጎረቤቱ መሀል ተቀምጦ፣ መዳፉን ጨርሶ እንደገና ዘረጋ፤ ጠላውንም ጨለጠ። ጥሩሐረግ ወግ ነውና መጥታለች፤ ግን እንደ ቆመች ናት። የምታድለዋ ሴት እጇን ስትዘረጋላት ገፋች።

«የዚህ ቤት እህል አይወርድልኝም።»

«ሞቱ እኮ እመት ጥሩሐረግ!»

«መሞቱ ለእኔ ምኔ ነው?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሴቶቹ ተያዩ። ባላምባራስም አዩዋት።

በማግሥቱ ደጅይጥኑ ከሰላሕ ጀመረ።

«ከዘራህን የት ጣልከው?»

«እዚያው ነዋ! ሰውዬው ‹ሂድ ከፊቴ› ሲለኝ ንዴቴ ዓይኔን ጋረደኝ። ቤቴ ስደርስ ነው እጄ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት። ተመልሼ ላነሳው ደግሞ ኩራቴ እንቢ አለ። ይኸው ኩራቴ!» ግድግዳውን መታ።

«አውራ ጣታቸው በምን እንደ ታሰረ ሰምተሃል?»

«በማተቡ አሉኝ። ደጅይጥኑ፣ አንተ ሕፃን ሆነህ ነው የምታውቀኝ። እኔ የክርስቲያን ማተብ በእጄ ልበጥስ? የአባቴን መቃብር ይዤ እምልልሃለሁ።»

ደጅይጥኑ ዓይኑን ከሰላሕ ፊት አላነሳም። «ግራዝማች ቤት በልተህ ታውቃለህ?»

«ሥጋቸውንማ እንዴት ብዬ። ብርዝ ግን ስንት ቀን አጠጥቶኛል። ሲስቅ ደግ ነበር።»

ከዚያ ወደ መናፈሻው ሄዶ ወልደ ሐዋርያትን አስጠራው። ጠራቢው ከአማርኛው ይልቅ ኽምጣንኛው የሚቀናው፣ ጣቱ በድንጋይ የተላጠ ሰው ነው። ፏፏቴው ተሰንጥቆ እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ዞር ዞር አለ።

«ይህ ሰው እጁን ለምን ወደ ኋላ አደረገ?»

«ግራዝማች ናቸው ያዘዙኝ። ‹የታሰረች አገር ምሳሌ ነው› አሉኝ።»

«ጀርባው ከመናፈሻው ግንብ ተጠግቷል። ለምን?»

ወልደ ሐዋርያት ራሱን አከከ። «መጀመሪያ መሀል ላይ ነበር ሊቆም። ሰው እንዲዞረው። ጨርሼ ሳሳያቸው ግን ኋላውን አይተው ላብ አጠመቃቸው። ራሳቸው ያዘዙትን! ‹ከግንቡ አስጠጋው፣ ማንም እንዳያየው› አሉ። አንድ ወር የለፋሁበት ጣት፣ ጌታዬ፣ ግንብ ሲያየው ይኑር?»

በድንጋዩ ሰው ጀርባና በግንቡ መካከል ክንድ ብቻ የምታስገባ ክፍተት አለች። ደጅይጥኑ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሰደደና በዳበሳ ፈለገ። ቀዝቃዛ አንጓ አገኘ፤ ቀጥሎ አውራ ጣት፤ ጣቱን የዞረ ቀጭን ክር። ከክሩ ጫፍ በግልጽ ወደ ታች የተንጠለጠለች ትንሽ መስቀል።

«ማተብ ነው?»

«ማተብ ነው። ‹በራሱ ማተብ፣ አውራ ጣቱን› ብለው ነው ያሉኝ። ሠርተው አሳዩኝ፤ እንዲህ፣ መስቀሉ ተንጠልጥሎ።»

«ሳይቆም በፊት ይህን ያየ ማን ነው?»

«እኔና እሳቸው። ተስፋውም፤ ሌሊት ሌሊት እኔ የምጠርብበት ዳስ ውስጥ ከድንጋዩ ጎን ነበር የሚያድረው። ቀን ላቆመው ሳመጣ ደግሞ በሸራ ተሸፍኖ ነበር።»

«ከተስፋው ጋር እንዴት ናችሁ?»

«እሱ ብቻ ነው ከእኔ ጋር በአንድ ቅል የሚጠጣ» አለ ወልደ ሐዋርያት ፊቱ በርቶ። «ከታች ከወንዝ ይዞ ይመጣል።»

«ውሃው እዚህ እየፈሰሰ?»

«የዚህ ቅዝቃዜ ጥርሴን ያመኛል ይላል።»

ደጅይጥኑ እጅጌውን ወደ ታች መለሰ፤ ቁልፉን ቆለፈ።

ጥሩሐረግ ቤት ሲደርስ በር ላይ ሆና ጥጥ ትፈትል ነበር። አልተነሳችም።

«ልታስረኝ መጣህ?»

«እመት፣ ግራዝማች ሲሞቱ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የሚመሰክርልኝ ሰው የለም። ማን ከከሃዲ ሚስት ጋር ያድራል?» እንዝርቷን አሽከረከረች። «ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር ብለህ ጻፍ። ግን አልገደልኩትም። በሕይወት ነበር የምፈልገው።»

«ለምን?»

«ካሳ አልጠቆመም። ባሌን አውቀዋለሁ። ያን ሰውዬ በሕዝብ ፊት ‹ዋሽቻለሁ› ሳላሰኘው ለሞተብኝ ሰው ንፍሮ ልብላ?»

«የአርበኛውን የምንዋጋውን ሬሳ ያየ ሰው ያውቃሉ? ከሰሃላ የነበረውን?»

«ዘመዶቹ በሌሊት ወስደው ቀበሩት። ምን እንዳዩ ትንፍሽ አላሉም። እኔ የካሳን ነው ያነሳሁት፤ ጠመንጃውን እንደ ያዘ ነበር።»

ሲመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አለፈ። ዓይናቸው የደከመ እማሆይ ወለተሥላሴ የእግሩን ኮቴ ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ። ደጅይጥኑ ቂጣ ሰጣቸው።

«ተባረክ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ ጦም አድሬ።»

«በለቅሶ ቀን ደግሞ ማን ጦም ያድራል እማሆይ?»

«ያ ደጉ ልጅ ጠፋብኛ! የመናፈሻው ዘበኛ። ግራዝማች ቤት ለምሳው የሚቋጥሩለትን አንድ ቀን ሳያጓድል ለእኔ ነበር የሚያመጣው። ‹አንተስ?› ስለው ‹ቆሎ አለኝ እማሆይ› ይላል። ትናንት ጠብቄ ጠብቄ ቀረ። ዛሬ ‹ልጄ፣ ምነው?› ብለው ‹በላሁት› አለኝ። በላሁት አለኝ እኮ! እንደ ሕፃን ደስ ብሎት።»

ደጅይጥኑ ከእማሆይ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሲነሳ ፊቱ እንደታመመ ሰው ገርጥቶ ነበር።

ሐሙስ፣ የሠልስቱ ጸሎት እንዳበቃ፣ ሰው ሁሉ ወደ መናፈሻው ተጠራ። እንደ አውጫጭኝ፣ ወንጀለኛ እንደሚፈለግበት ሸንጎ፣ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ባላምባራስ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሰላሕ በሁለት ፖሊስ መሀል ቆሟል፤ ሸምሲያ ከኋላው። ወልደ ሐዋርያት ከዳር፤ ጥሩሐረግ ብቻዋን፤ ተስፋው ከቧንቧው አጠገብ።

«ቀኑ ሐሙስ ነው» አሉ ባላምባራስ።

«ነው። ቃልዎን አክብረዋል፤ እኔም አከብራለሁ። እስክጨርስ ብቻ ይታገሡኝ።»

ደጅይጥኑ ከዘራውን አነሳ። «ይህ የሰላሕ ነው። ሳገኘው ጭቃው የተረጨው ከላዩ ነበር፤ ከሥሩ ደረቅ አቧራ ነው። ግራዝማች ሲንፈራገጡ ውሃው ዙሪያውን አረሰረሰው። ከዘራው ከዚያ በኋላ ወድቆ ቢሆን ከሥሩ ጭቃ ነበር የሚገኘው። ቀድሞ፣ ከጠቡ ሰዓት ጀምሮ፣ እዚያው ነበር።»

«ከዘራ ጥሎ በነጋታው መመለስ ይቻላል» አሉ ባላምባራስ።

«ይቻላል። ግን ገዳዩ የወንድምዎን አውራ ጣት በማተባቸው አሰረ። ይህ የድንጋይ ሰው እጁ ወደ ኋላ መሆኑን ሁላችሁም ታያላችሁ። አውራ ጣቱ በማተብ መታሰሩን ያየ አለ?»

ሰዉ ተያየ። አንድ ሁለቱ ተነስተው በገንዳው ዙሪያ ሄደው ግንቡ ጋ ሲደርሱ ተመለሱ።

«አይታይም። በዳበሳ ነው ያገኘሁት። ሰላሕ አላየውም፤ እመት ጥሩሐረግም አላዩትም። ያዩት ጠራቢውና ዘበኛው ብቻ ናቸው።»

ወልደ ሐዋርያት ከተቀመጠበት ዘለለ። «እኔ አይደለሁም!»

«ተቀመጥ፣ አንተ አይደለህም። አንተ መስቀሏን አንጠልጥለህ ነው የቀረጽካት። የግራዝማች መስቀል ግን ከክሩ ሥር፣ መዳፋቸው ውስጥ ነበረች። አንድ ወር የጠረብከውን ጣትህ አይስተውም። ገዳዩ ድንጋዩን አልቀዳም። ድንጋዩ የተቀዳበትን ሰው ነው የቀዳው፤ አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየውን ሬሳ።»

ውሃው ብቻ ይንቆረቆራል።

«አሁን ደግሞ ሌላ ልጠይቃችሁ። ግራዝማች ‹የአንዳቸውንም ሬሳ አላየሁም› ብለው እዚችው ቆመው ነግረውናል። ሬሳ ካላዩ፣ በአውራ ጣቱ ስለ ታሰረ ሰው ማን ነገራቸው? ቀባሪዎቹ ትንፍሽ አላሉም። መስቀሏ ተንጠልጥላ እንደ ነበር እንዴት አወቁ? መስቀሏን ተንጠልጥላ የሚያያት ሲታሰር በቦታው የነበረ ሰው ነው። በኋላ ታሳሪው ራሱ ጨብጧት ሞቷል፤ ይህን ግራዝማች አላዩም፤ ሄደዋል።»

«ምን እያልክ ነው?» ባላምባራስ ተነሱ።

«ወንድምዎ እህል ፍለጋ አልወረዱም ባላምባራስ። ዋሻው ጋ ነበሩ።»

ጥሩሐረግ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«የአምስት ወንድ ልጅ ደም አለ እንግዲህ በእሳቸውና በአምስት ቤት መካከል» ቀጠለ ደጅይጥኑ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኛ አገር ደም ያለበት ሰው ከባለ ደሙ ቤት አይበላም፣ ውሃውንም አይቀምስም። ይህን የሚያስተምረን የለም፤ ጉሮሯችን ራሱ ይዘጋል። እኔ ማን እንደ በላ ፈለግሁ። ሰላሕ ብርዛቸውን ጠጥቷል። ወልደ ሐዋርያት ለይተው ቢሰጡትም ዓመት ሙሉ የበላው የእሳቸውን ነው። እመት ጥሩሐረግ አይበሉም ነበር፤ ከሞቱም በኋላ አልበሉም። ለምን? ጉዳያቸው አልተፈጸመም። ልባቸው የደረሰ ሰው ግን ይበላል።»

ወደ ተስፋው ዞረ።

«ዓመት ሙሉ ምሳህን ለእማሆይ ሰጠህ። ውሃ ከወንዝ በቅል አመላለስህ፤ ‹ቅዝቃዜው ጥርሴን ያመኛል› ብለህ። ማክሰኞ ማለዳ ሬሳው ከአጠገብህ ተጋድሞ ከዚህ ውሃ ሁለት መዳፍ ጠጣህ። ከሰዓት በኋላ ንፍሮውን ደግመህ ተቀበልክ። ጥርስህ በአንድ ሌሊት ዳነ ተስፋው? ወይስ ጉሮሮህ ተከፈተ?»

ተስፋው እጁን ከቧንቧው ላይ አነሳ።

«ከዚህ በላይ ምስክር የለኝም። ዝም ብትል ልትድን ትችላለህ። ያን ጊዜ ግን ባላምባራስ ይህን ሰው ይገድሉታል። ሚስቱ ይቺውና። የአንተን ደም መልሰሃል፤ የሸምሲያን ደም ማን ይመልስላት? ምንዋጋው ምንህ ነው?»

ተስፋው ሸምሲያን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«ታላቅ ወንድሜ ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከጣቱ ላይ ክሩን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ መስቀሏን ከመዳፉ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። አባቴ ‹እንደ በግ ታስሮ ሞተ አይባልም፣ ለማንም እንዳትናገሩ› ብሎ አስማለን። ይህን ሰውዬ እጠረጥረው ነበር። ጠርጥሬ ገባሁ፤ ሳላጣራ ግን እህሉን አልቀምስም ብዬ። ከዚያ አንድ ሌሊት ዳሱ ውስጥ ፋኖሱን ከፍ ሳደርግ ጣቱን አየሁት። የወንድሜን ጣት!»

«ማክሰኞስ?»

«ሊታጠብ ሲንበረከክ ጠየቅሁት። ‹ምንዋጋውን ማን አሰረው?› አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። ‹የእሱ ነህ?› አለኝ። ‹ነኝ› አልኩት። ‹በእጄ ነው ያሰርኩት። የመራኋቸውም እኔ ነኝ። ካሳ ደርሶብኝ ነበር› አለኝ። እጁን ራሱ ነው ወደ ኋላ የሰጠኝ። አልታገለኝም። መጨረሻ ላይ ግን ነፍስ ናትና ተንፈራገጠ።» ወደ ሰላሕ ዞረ። «ወንድሜ፣ በአንተ ላይ ሊሆን አስቤ አይደለም። ዛሬ ነገ እናገራለሁ ስል… ደስታዬን አልጠገብኩትም ነበር። ይቅር በለኝ።»

ሰላሕ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሸምሲያ ግን «አልልህም!» አለች።

የጠመንጃ ድምፅ ቀጭ አለ። ባላምባራስ አቀባብለው ወደ ተስፋው ደረት አነጣጠሩ። ደጅይጥኑ ሊንቀሳቀስ ሲል ከእሱ የቀደመ ሰው ነበር። ጥሩሐረግ በአፈሙዙና በተስፋው መሀል ገብታ ቆመች።

«ዞር በይ!» አሉ ባላምባራስ። «ይህ ደም የእኔ ነው። ወንድሜ ምንም ይሁን ወንድሜ ነው።»

«ይሁን። ይህን ሰው ግን የሚነካው የለም። ምስክሬ ነው።»

ተስፋው ከኋላዋ «እመት፣ ለእኔ ብለው…» ብሎ ሲጀምር ዞር ብላ በጥፊ አጮለችው። ሰዉ እህ! አለ።

«ለአንተ ብዬ? አንተን ብዬ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ሰው አንድ ቀን በሕዝብ ፊት አናዝዘዋለሁ እያልኩ ስጠብቅ፣ ማለዳ ተነስተህ አፉን በውሃ ሞላህብኝ! የካሳን ስም የሚያወጣ ቃል ተናግሮ ሞተ፤ የሰማኸው አንተ ብቻ! አንተ ጠገብክ፤ እኔን አስርበኸኝ።» ወደ ባላምባራስ ተመለሰች። «ዳኛ ፊት ቆሞ እስኪናገር ይህ ሰው አይሞትም። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ገመድም፣ የእርስዎም ጥይት የእኔ ጉዳይ አይደለም። አሁን ከተኮሱ ግን በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ሁለት ደም ይሆንብዎታል፤ ሁለተኛው የሴት።»

ባላምባራስ ጠመንጃቸውን እንደ ደገኑ ቆዩ። በመጨረሻ አፈሙዙ ወደ መሬት ሲያዘነብል ሰውዬው በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት ያረጁ መሰሉ። «እከተላችኋለሁ» አሉ። «እስከ ደሴ። አንድ ቀን ከአጠገቡ ትርቂያለሽ።»

ዓርብ ጠዋት ወደ ኮረም ጉዞ ጀመሩ፤ ከዚያ በካሚዮን ወደ ደሴ ፍርድ ቤት ነው። ደጅይጥኑ ከፊት፣ እስረኛው ከሁለት ፖሊስ ጋር መሀል። ባላምባራስ በበቅሎ ሆነው፣ ጠመንጃው ጭናቸው ላይ፣ በግራ በኩል ባለው ተረተር ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አይቀርቡም፣ አይርቁም። ጥሩሐረግ ስንቋን አዝላ በእስረኛው ግራ፣ በጠመንጃው በኩል ትራመዳለች። መንገዱ ሲጠብ ጠጋ ትላለች፤ ሲሰፋ አትርቅም።

«እመት» አለ ተስፋው፣ «ፀሐዩ በዚህ በኩል ነው የሚያቃጥለው። ወዲያ ቢሆኑ።»

«ስለ እኔ አትጨነቅ። የነገረህን ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

«‹በእጄ ነው ያሰርኩት› አለኝ…»

«መጀመሪያ ቀኑን። ዳኛ ቀን ይጠይቃል። ከዚያ ቦታውን። ከዚያ ‹ካሳ› የሚለውን ጮክ አድርገህ። አትዋጠው።»

ተስፋው ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ቀኑን ተናገረ፤ ቦታውን ተናገረ፤ «ካሳ» ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ጥሩሐረግ ዓይኗን ከተረተሩ ላይ ሳታነሳ እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር አስተካከለች።

«እንደገና» አለችው።